«ለመድኃኒት ብዬ ብጠይቅ ሱሰኛ ይሉኝ ይሆን?»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው የነርቭ ሕመም እንዳለብኝ ከታወቀ 7 ዓመት ሆኗል። ቀኑን እንደምንም እውላለሁ። ችግሬ ሌሊት ነው። እግሬ ይገተራል፣ ጣቶቼ ወደ ውስጥ ይቆለመማሉ፤ ባለቤቴ ተነስቶ እስኪያሸኝ ድረስ አላርፍም። ባክሎፌን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። መጠኑ ሲጨመር ጠዋት ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል፤ ሲቀነስ ሌሊቱ ይብስብኛል።

ፊዚዮቴራፒ የምንገናኝ አንዲት ሴት ካናቢስ ከሚባለው፣ ሐሺሽ ከሚወጣበት ተክል የተሠራ መድኃኒት ሐኪም አዝዞላት መተኛት እንደጀመረች ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። የምኖርበት አገር በሐኪም በኩል ይፈቅዳል ይላሉ፤ በየት በኩል እንደሚገባ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዝናልኝ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት አምጥታ ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለውም። መሳቢያ ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ እስካሁን አልነካሁትም።

ሐኪሜን ልጠይቅ ብዬ ስገባ አፌ ይተሳሰርብኛል። «ሱሰኛ ናት» ብሎ ፋይሌ ላይ ቢጽፍብኝስ? ለባለቤቴ ሳነሳለት «ሐሺሽ እቤቴ አይገባም፤ ልጁ ምን ይማራል?» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ሥራ የምሄደው ደግሞ እየነዳሁ ነው፤ ዘመድ ለመጠየቅም ወደ ሌላ አገር እመላለሳለሁ። ሕግ ጥሼ መኖር አልፈልግም። እንዲህ ሆኜ መቀጠልም አልቻልኩም። ምን ይመክሩኛል?

ሌሊቱ የረዘመባት

*

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ አጥተሽ እየተሰቃየሽ፣ እንቅልፍ ሊመልስልሽ ስለሚችል ነገር ለመጠየቅ እንኳ መሸማቀቅሽ አንጀቴን በልቶታል። የሚያሳፍር ነገር አልፈለግሽም። በሕጉ መንገድ መሄድ እንደምትፈልጊ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል። መንገዱ አለ። ትንሽ ወረቀትና ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል፣ የሚጀምረውም ከዚያው አፍሽ ከሚተሳሰርበት ክፍል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጠርሙሱ። ባልደረባሽ በቅንነት እንዳመጣችልሽ አልጠራጠርም። ውስጡ ምን እንዳለ ግን እሷም አታውቅም። በካናቢስ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች አሉ። ቲ.ኤች.ሲ የሚባለው ነው ራስን የሚያዞረውና ስሜት የሚቀይረው፤ ሲ.ቢ.ዲ የሚባለው እንደዚያ አያሰክርም። ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ ውስጥ የትኛው በምን ያህል እንዳለ ማወቅ አይቻልም። ጽሑፍ ያለው እንኳ አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲ.ቢ.ዲ ምርቶችን ገዝተው ሲመረምሩ፣ ላያቸው ላይ የተጻፈው መጠን ከውስጡ ጋር የተስማማው 31 በመቶ በሚሆኑት ብቻ ነበር። በ18ቱ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ ተገኝቷል። በ2019 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ቲ.ኤች.ሲ ያለበትን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በጓሮ በር ገዝተው የሳቡ ብዙ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሞቱም አሉ። ዋናው ተጠርጣሪ ለማቅጠኛ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዓይነት ዘይት ነበር። አንቺ ደግሞ ባክሎፌን ትወስጃለሽ። ባክሎፌንም ቲ.ኤች.ሲም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ያዞራሉ። ሁለቱ በማይታወቅ መጠን ሲደራረቡ፣ እግሯ የማይታዘዛት ሴት ሌሊት ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ መውደቅ ይመጣል። ስለዚህ አለመንካትሽ ልክ ነው። አሁን ልጅሽ በማያገኝበት መንገድ አስወግጂው። ለሌላ ሰውም አትስጪው።

ወደ ተስፋው እንምጣ። ስለ ካናቢስ ብዙ ይወራል፤ የማያድነው በሽታ የለም የሚሉ ሰዎች አሉ። አትመኛቸው። ያንቺ ችግር ግን ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2017 ያወጡት ሰፊ ሪፖርት ጠንካራ ማስረጃ አገኘሁባቸው ካላቸው መካከል በኬሞቴራፒ የሚመጣው ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ በአዋቂዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም፣ እንዲሁም መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸው ሰዎች የሚናገሩት የጡንቻ መገተር ይገኛሉ። ለዚሁ ለጡንቻ መገተር ተብሎ የተሠራ፣ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒትም አለ። ሳቲቬክስ ይባላል። እንግሊዝ ከ2010 ጀምሮ ፈቅዳዋለች፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም ተቀብለውታል፣ አሜሪካ ግን አላጸደቀችውም። አንዱ ርጭት 2.7 ሚሊ ግራም ቲ.ኤች.ሲ እና 2.5 ሚሊ ግራም ሲ.ቢ.ዲ ይዟል። ምላስ ሥር ወይም የጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይረጫል። ከአንድ ርጭት ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ በቀን ከ12 አያልፍም። አልኮል ስላለበት አፍ ያቃጥላል፤ አልኮል በሃይማኖትሽ የሚያሳስብሽ ከሆነም አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

በሽታውን አያጠፋም፣ ሁሉንም ሰው አይረዳም። ይህን ከወዲሁ እንድታውቂው የምፈልገው፣ ፊዚዮቴራፒ ያገኘሻት ሴት በተኛችው ልክ ካልተኛሽ በራስሽ እንዳትፈርጂ ነው።

አሁን ሐኪሙ ጋ እንግባ። «ካናቢስ ይዘዙልኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ነውር ሆኖ አይደለም፤ ሐኪም መጀመሪያ መስማት ያለበት ችግሩን ስለሆነ ነው። ከቀጠሮሽ በፊት ላሉት ሁለት ሳምንታት አንድ ደብተር አልጋሽ አጠገብ አስቀምጪ። ጠዋት ስትነሺ የሌሊቱን የእግር መገተር ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጪው። ስንት ጊዜ እንደነቃሽ፣ ባክሎፌኑን በስንት ሰዓትና በምን ያህል መጠን እንደወሰድሽ፣ ጠዋት ምን ያህል እንደደበተሽ ጻፊ። አንድ መስመር ይበቃል። ይህ ደብተር ለሁለት ነገር ይጠቅምሻል። አንደኛ፣ አፍሽ ቢተሳሰር እንኳ ደብተሩን ገልጠሽ መስጠት ትችያለሽ። ሁለተኛውን ወደኋላ እነግርሻለሁ።

ከዚያ እንዲህ በይ፦ «ባክሎፌኑ ሲጨመር ቀኑን መሥራት አልችልም፣ ሲቀነስ ሌሊቱን አልተኛም። ለጡንቻ መገተር ከካናቢስ የተሠራ መድኃኒት በሕጋዊ መንገድ እንደሚታዘዝ ሰምቻለሁ። ለእኔ ይሆናል? እርስዎ የማያዙት ከሆነስ ማን ጋ ይልኩኛል?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሺያት። ብዙ አገር ውስጥ ይህን መድኃኒት ማንኛውም ሐኪም አይጀምረውም። ለምሳሌ እንግሊዝ ከኅዳር 2018 ወዲህ ካናቢስን ለሕክምና ብትፈቅድም፣ መጀመር የሚችለው በስፔሻሊስትነት የተመዘገበ ሐኪም ብቻ ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ሐኪምሽ «አልችልም» ቢልሽ «አይገባሽም» ማለቱ ላይሆን ይችላል። ያንቺ ሰው የነርቭ ስፔሻሊስት ነው።

ሐኪሙም ይጠይቅሻል። ልብሽ እንዴት ነው? ጉበትሽስ? አንቺ ወይም የቅርብ ቤተሰብሽ እንደ ስኪዞፍሬንያ ያለ የአእምሮ ሕመም ኖሮባችሁ ያውቃል? የማርገዝ ሐሳብ አለሽ? ሌላ ምን ትወስጃለሽ? አንዱንም አትደብቂ። ቲ.ኤች.ሲ እንዲህ ያለ የአእምሮ ሕመም ታሪክ ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ በእርግዝናና በጡት ማጥባት ጊዜም አይመከርም። ሲ.ቢ.ዲ ደግሞ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሰውነት ውስጥ እንዲከማቹ ሊያደርግ ይችላል። አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ፦ አዲሱ መድኃኒት ቢጀመርልሽ እንኳ ባክሎፌኑን በራስሽ ቀጥ አድርገሽ እንዳታቆሚ። በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል ሕመምና ቅዠት ሊያስከትል ይችላል። መቀነስ ካለበት ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይቀንስልሻል።

«ፋይሌ ላይ ቢጽፍብኝስ?» ብለሻል። አዎ፣ ይጽፋል። የሚጻፈው ግን የሕመምሽ ስም፣ የተሞከሩልሽ መድኃኒቶችና የታዘዘልሽ መጠን ነው። ስለ መድኃኒት መጠየቅ ሱሰኛ አያሰኝም። የሐኪም ፋይል ምስጢር ነው። እንዲያውም ያንቺ ጋሻ ይህ ጽሑፍ ነው። ፖሊስ ቢያስቆምሽ፣ አሠሪ ቢጠይቅሽ፣ ሌላ ሆስፒታል ብትገቢ፣ በታካሚነትሽ የምትቆሚው ወረቀቱ ስላለ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተደበቀ ጠርሙስ እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም።

ወረቀቱ ምን እንደሚመስል እንደየአገሩ ይለያያል። ጀርመን ከመጋቢት 2017 ጀምሮ ማንኛውም መድኃኒት እንደሚወሰደው በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ ይወሰዳል። ካናዳ ውስጥ ሐኪሙ ወይም ነርስ ፕራክቲሽነሩ (መድኃኒት ማዘዝ የሚችል ነርስ) የሕክምና ሰነድ ይሰጥሻል፤ በዚያ ሰነድ መንግሥት ፈቃድ በሰጠው ሻጭ ዘንድ ትመዘገቢያለሽ። አሜሪካ ውስጥ እንደየስቴቱ ነው፤ ሐኪሙ የሚጽፈው የድጋፍ ማረጋገጫ ሲሆን በእሱ የታካሚ ካርድ ይወጣል። ያንቺን አገር ሥርዓት ከጤና ሚኒስቴሩ ወይም ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አንብቢ፤ ከሻጮች ማስታወቂያ አትማሪው። ፋርማሲስትም ጥሩ ምንጭ ነው፣ ለመጠየቅ ቀጠሮ እንኳ አያስፈልግሽም። ኢንሹራንስሽ ይሸፍን እንደሆነ ደግሞ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት አረጋግጪ። ብዙ ሰው ፈቃዱን አግኝቶ ዋጋው ላይ ይቆማል።

ደብዳቤሽ ላይ ያልጠቀስሽው፣ እኔን ግን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የምትኖሪበት አገር ዜጋ ነሽ ወይስ ገና በመኖሪያ ፈቃድ ላይ? አሜሪካ ውስጥ ስቴቱ የፈቀደውን የፌዴራሉ ሕግ ላይቀበለው ይችላል፣ ኢሚግሬሽን ደግሞ የሚመለከተው የፌዴራሉን ሕግ ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ የፈቀደው ቢሆንም ካናቢስ የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። ስለዚህ እዚያ የምትኖሪና ዜግነት ያልያዝሽ ከሆነ፣ ካርድ ከማውጣትሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሪ። ሌላ አገር ከሆንሽም ጥያቄው አይጎዳሽም።

ጉዞውም ላይ እንዲሁ ነው። አንዱ አገር የሰጠሽ ማዘዣ ድንበር ሲሻገር ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። በሼንገን አገሮች መካከል ለሚጓዝ ነዋሪ ሐኪም የሚሞላው፣ ባለሥልጣን የሚያረጋግጠው ቅጽ አለ፤ እስከ 30 ቀን ያገለግላል። አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደበት ስቴት ወደ ሌላ የተፈቀደበት ስቴት ይዞ መሻገር እንኳ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ትንሽ ቅሪት ተገኘብሽ ብለው የሚያስሩ አገሮችም አሉ፤ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የምታርፊበት አገርም ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። ከመሄድሽ ቀደም ብለሽ የምትሄጂበትን አገርም የምታርፊበትንም ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱን አስቀምጪው። ካልተፈቀደ መድኃኒቱ እቤት ይቀራል፣ ለእነዚያ ሳምንታት ምን እንደምትወስጂም ከሐኪምሽ ጋር አስቀድማችሁ ትነጋገራላችሁ።

መንዳቱን በተመለከተ፣ በተለይ መድኃኒቱ ሲጀመርና መጠኑ ሲቀየር መሪ አትያዢ። ሰውነትሽ እንዴት እንደሚቀበለው እስክታውቂ ሌላ ሰው ያድርስሽ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ዞሮብሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለሽ አትንጂ፤ ያኔ ማዘዣ ቢኖርሽም ሕጉ አይምርሽም። ሥራ ቦታሽ የሽንት ምርመራ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ፣ ቲ.ኤች.ሲ አዘውትሮ በሚወስድ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ሊታይ ስለሚችል ደንቡን ቀድመሽ እወቂ።

የባለቤትሽን ነገር ወደኋላ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሌሊት ተነስቶ እግርሽን የሚያሽ ሰው ነው። «ሐሺሽ እቤቴ አይገባም» ሲል የፈራው ልጁን ነው፤ ምናልባት አንቺንም የማጣት ፍርሃት አለበት። ይህን ፍርሃት አትናቂበት። በክርክር የምታሸንፊው አይመስለኝም። «ልክ ነህ፣ እኔም ያለ ሐኪም ምንም ነገር አልነካም» ብለሽ ጀምሪ፤ እውነትሽን ነውና። ከዚያ «ቀጠሮው ላይ አብረኸኝ ግባ፣ የምትፈራውን ሁሉ አንተው ጠይቀው» በይው። ከሐኪሙ አፍ ሲሰማው ሌላ ነው። ጥቂት ነገር ማወቅ ሊረዳው ይችላል። ሞርፊን የሚሠራው ከኦፒየም ተክል ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሲሰጥ ግን ማንም ቤቱን አረከሰ አይልም። ኤፒዲዮሌክስ የሚባለውን፣ ከካናቢስ የተጣራ ሲ.ቢ.ዲ ያለበትን መድኃኒት የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 ሲያጸድቀው፣ ከባድ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ጭምር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽንም በታኅሣሥ 2020 ካናቢስን እጅግ አደገኛና ለሕክምና እምብዛም የማይጠቅሙ ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አውጥቶታል። 27 አገሮች ደግፈው 25 ተቃውመዋል። ዓለም ራሱ በግማሽ የተከፈለበት ጉዳይ ነውና ባለቤትሽ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ለልጅሽ ደግሞ ምን ልትነግሪው አስበሻል? 14 ዓመት ነገር የሚገባበት ዕድሜ ነው። ተደብቆ ካገኘው የሚገምተውን እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። «ይህ የእኔ መድኃኒት ነው፣ ሐኪም ነው ያዘዘልኝ፣ ያንተ ዕድሜ ላይ ላለ አእምሮ ግን ጎጂ ነው» ብትይው ለአባቱ ጥያቄም መልስ ይሆናል። መድኃኒቱ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ፣ ቁልፉም ካንቺ ወይም ከባለቤትሽ አይውጣ። ቁልፉን ባለቤትሽ እንዲይዘው ብትሰጪው ውሳኔው የሁለታችሁ ይሆናል።

አሁን ወደ ደብተሩ ሁለተኛ ጥቅም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2019 ስለዚህ ርጭት ያስቀመጠው አሠራር ግልጽ ነው። ሌሎች መድኃኒቶች በበቂ ሁኔታ ካልረዱ ለ4 ሳምንት ይሞከራል። ታካሚው ራሱ ከ0 እስከ 10 በሚሰጠው ቁጥር መገተሩ ቢያንስ በ20 በመቶ ከቀነሰ ይቀጥላል፣ ካልቀነሰ ይቆማል። ሌሊትሽን 8 ስትሰጪው ከነበረ ወደ 6 ግድም መውረድ አለበት ማለት ነው። ያለ ደብተር ይህን ማንም በልቡ አያስታውሰውም። ተስፋም ፍርሃትም ቁጥሩን ያዛባል። ሙከራውን ሐኪምሽ ከፈቀደልሽ፣ የሚቆምበትን ቀንም በዚያው ዕለት አብራችሁ ወስኑ።

ሐኪሙ «አይሆንም» ካለሽስ? ምክንያቱን ጠይቂው፣ እዚያው ጻፊው። ምክንያቱ ልብሽ ወይም ሌላ መድኃኒትሽ ከሆነ፣ ተቀበዪውና «ታዲያ ለሌሊቱ ሌላ ምን አለ?» በይው። የባክሎፌኑን ሰዓት ማስተካከል፣ እንደ ቲዛኒዲን ያለ ሌላ መድኃኒት መሞከር፣ ከመኝታ በፊት የሚሠራ ጡንቻ ማፍታቻ ከፊዚዮቴራፒስትሽ መማር፣ ለተወሰኑ ጡንቻዎች ደግሞ ጡንቻ የሚያላላ የቦቱሊነም መርፌ ማስወጋት ይቻላል። ምክንያቱ ግን «እኛ እንዲህ ያለ ነገር አንሰጥም» ብቻ ከሆነ፣ የሌላ ነርቭ ስፔሻሊስት አስተያየት እንዲጠየቅልሽ ማመልከት መብትሽ ነው።

ነገ ጠዋት ክሊኒኩ ደውለሽ ከወትሮው ረዘም ያለ ቀጠሮ ጠይቂ፤ «ስለ ሌሊት የጡንቻ መገተር» ካልሻቸው በስልክ ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብሽም። ባለቤትሽ ሥራ የማይገባበትን ቀን ምረጪ። ደብተሩን ዛሬ ማታ ጀምሪ። ሐኪሙ የመለሰልሽንም ጻፊልኝ፤ እምቢ ካለሽ በተለይ የሰጠሽን ምክንያት ላኪልኝና ቀጣዩን አብረን እናያለን።